በሰባተኛ የመገኘት ዋጋ፦ የድረ ገጽ ንድፍና የፍለጋ ግብይት አነስተኛ ሥራ በመርካቶ

ከአውቶቡስ ተራ ወደ መርካቶ ለሚዘልቅ ሰው «ሰባተኛ» የሰፈር ስም ነው። ለፍለጋ ሞተር ግን ቃሉ ደረጃ አመልካች ቁጥር ነው፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ሰባተኛ ዙር፣ ሰባተኛ ሳምንት ከሚሉት የሚለይበት ምልክት የለውም። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚነግድ አንድ አከፋፋይ አድራሻውን «ሰባተኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ» ብሎ ቢጽፍ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ጠይቆ ከደጃፉ ይደርሳል፤ ፊደሉን ብቻ የሚያነብ ማሽን ግን ከሁለት ቁጥሮች በቀር የሚጨብጠው ነገር የለም። «ተራ» የሚለው ቃልም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። በሸማ ተራ፣ በጫማ ተራ፣ በምናለሽ ተራና በቦምብ ተራ የአንድ ዓይነት ነጋዴዎችን ሰልፍ ያመለክታል፤ በሌላው የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ወረፋን ወይም እንዲሁ ተርታ የሆነን ነገር።

እንዲህ ያለው አለመግባባት ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ በገበያው ዙሪያ ድረ ገጽ እየነደፈና ነጋዴን በፍለጋ ውጤት ላይ ለማውጣት እየሠራ ለሚኖር አነስተኛ ድርጅት የዕለት እንጀራው ነው። ሥራው በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች የሚካሄድ ነው። አንዱ ገጹን ይነድፋል፤ ሌላው ጽሑፉንና ፎቶግራፉን ያሰናዳል፤ ደንበኛ ማፈላለጉ፣ ሒሳብ መሰብሰቡና ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ለተገኘው ሰው ይተርፋል። የሚሸጡት ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ገጹ ራሱ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረከቡት ዕቃ ይመስላል። ሁለተኛው የፍለጋ ግብይት ነው፤ ይኸውም ገዢ አንድን ነገር ሲፈልግ የነጋዴው ስም ከፊት እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በሁለት መንገድ ይሠራል፦ ያለ ክፍያ በሚመጣው ውጤት ላይ ደረጃን በማሻሻል፣ ወይም በየጠቅታው በሚከፈልበት ማስታወቂያ። ገጹን መሸጥ ቀላል ነው፤ በዓይን ይታያልና። ፍለጋውን መሸጥ ግን ነጋዴው ያላየውን ገዢ እንዲያምን መጠየቅ ነው።

የምጣኔ ሀብት ጥናት ለዚህ የማይታይ ዕቃ ስም አውጥቶለታል። ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው የመረጃ ኢኮኖሚክስ ጽሑፉ፣ ገዢ ዋጋ ለማወዳደር የሚያወጣው ጊዜና ድካም ራሱ ወጪ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ገበያ በተለያየ ዋጋ ሊሸጥ እንደሚችል አስረዳ። ለመርካቶ የሚቀርበው ግን ክሊፎርድ ጊርትዝ በሞሮኮዋ የሰፍሩ ከተማ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ትንታኔ ነው። በጊርትዝ አመለካከት በእንዲህ ያለ ገበያ መረጃ ጥቂት፣ ያልተስተካከለና እጅግ የሚፈለግ ነው። ገዢው ከዚህ ጨለማ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ደንበኝነትና የዋጋ ክርክር። ብዙ ሻጮችን ጥቂት ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ጥቂት ሻጮችን ብዙ ጥያቄ መጠየቅ ያዋጣል። የአማርኛው «ደንበኛ» የሚለው ቃል፣ መታወቅንና መተማመንን በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ጊርትዝ በረጅም ማብራሪያ የገለጸውን በአንድ ቃል ይናገራል።

በኢትዮጵያም የመረጃ ሻጭ ከኮምፒውተር በፊት ነበረ፤ ደላላ። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው የእህል ገበያ ጥናታቸው፣ የአዲስ አበባ የእህል ደላሎች ከክፍለ ሀገር ለሚልክ ነጋዴ ገዢ በማፈላለግ የፍለጋን ወጪ የሚቀንሱ ተቋም መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በእህል በረንዳ፣ ማለትም እዚያው መርካቶ ውስጥ ነው። ስለዚህ የፍለጋ ግብይት ድርጅት ባዶ ሜዳ ላይ አልመጣም። ነጋዴው ለአገናኝ ኮሚሽን መክፈልን ከጥንት ያውቃል፤ የሚከፍለው ግን ገዢው ከመጣ በኋላ ነው። ነዳፊው ደግሞ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ክፈል ይላል። በሁለቱ መካከል የሚነሣው አብዛኛው ቅሬታ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው እንቅፋት የዋጋ ዝምታ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። የጅምላ ንግድ ልማድ ግን ዋጋን ለጠያቂው ማንነት፣ ለሚገዛው ብዛትና ለክፍያው ሁኔታ ያስተካክላል፤ በእጅ ለሚከፍልና በዱቤ ለሚወስድ አንድ ዋጋ አይሰጥም። በድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ዋጋ የጎረቤት ሱቅም ይመለከተዋል፤ ምንዛሪ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ያረጃል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር ተያይዞ በመርካቶ በርካታ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ለሚያስታውስ ነጋዴ፣ ይፋ መሆን ትርፍ ብቻ ያለው ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት የመርካቶ ሱቅ ገጽ ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሌለው የዕቃ ዝርዝር፣ ከሥሩም «ይደውሉ» የሚል ሆኖ ይቀራል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት መቁጠር ስሕተት ነው። ገጹ ስልክ እንዲያስደውል ብቻ ከተነደፈ፣ ክርክሩ ወደለመደበት ወደ ድምፅና ወደ ሱቁ መደርደሪያ ይመለሳል። የነዳፊው ችሎታ የሚለካውም ለፍለጋ ሞተር የሚበቃ ዝርዝር፣ ማለትም የዕቃውን ዓይነት፣ ልክ፣ ሥሪትና አነስተኛውን የግዢ መጠን፣ ዋጋ ሳይጠቅስ ማቅረብ በመቻሉ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ከሁሉም የሰፋ ነው። አማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉት፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል መነሻው በሁለት ፊደል፣ መካከሉ ደግሞ በስድስት ሊጻፍ ስለሚችል (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ በወረቀት ላይ 12 መልክ ይኖረዋል። የንግድ ቃላትም ከዚህ አያመልጡም። «ዕቃ»ና «እቃ»፣ «ሐበሻ ቀሚስ»ና «ሀበሻ ቀሚስ»፣ አንዳንዴም «አበሻ ቀሚስ»፣ በአንባቢ ዘንድ አንድ ሲሆኑ በኮምፒውተር ዘንድ የተለያዩ የቁጥር ሰንሰለቶች ናቸው። የውጭ ቃላት ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ችግር ናቸው፤ «ኮምፒውተር»፣ «ኮምፒዩተር» እና «ኮምፕዩተር» ጎን ለጎን ይኖራሉ። በዚህ ላይ ቅጥያው ይጨመራል። ገዢ «መርካቶ» ብሎ ሊፈልግ ይችላል፤ ገጹ ግን «በመርካቶ»፣ «ከመርካቶ»፣ «የመርካቶው» ይላል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የአማርኛ ቃልን ከቅጥያው ነጥሎ ወደ ግንዱ መመለስ ለመረጃ ፍለጋ ያለውን ጥቅም መርምረዋል። ትልልቆቹ የፍለጋ ሞተሮች ከእነዚህ ልዩነቶች አንዳንዱን ያቀራርቡ ይሆናል፤ በሥራው ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ አይተማመንም። አንዱን አጻጻፍ በርእስ፣ ሌላውን በፎቶግራፍ መግለጫ፣ ሦስተኛውን በዕቃው ማብራሪያ ውስጥ ያስገባል። ይህ ልክ ካለፈ ግን ገጹ ለሰው ዓይን ፊደል ያልጠነቀቀ ይመስላል። የፊደል ጥንቃቄን የሚያከብር ባለሙያና ገዢ የሚሻ ነጋዴ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚያሸንፈው ነጋዴው ነው።

ብዙ ገዢ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል ይፈልጋል። መርካቶ በ«ኬ»ም በ«ሲ»ም ይጻፋል። የሰባተኛ «ኛ» በአንዱ እጅ «ጂ፣ ኤን፣ ኤ»፣ በሌላው «ኤን፣ ዋይ፣ ኤ» ይሆናል። ነጋዴው በንግድ ፈቃዱ ላይ በአንዱ፣ በሱቁ ሰሌዳ ላይ በሌላው፣ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ደግሞ በሦስተኛው አጻጻፍ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ማሽኑ ሦስት ድርጅቶችን ያያል። ስለዚህ አስተዋይ ነዳፊ ሥራውን የሚጀምረው በቀለምና በቅርጽ አይደለም፤ የስሙን አንድ የላቲን አጻጻፍ አስወስኖ በሁሉም ቦታ በማስተካከል ነው። ይህ ሥራ ለደንበኛው ምንም አያምርም፤ ሒሳብ ሲጠየቅበትም «ለዚህ ደግሞ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ለበርካታ ዓመታት ከዚያም በኋላ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚዘጋጀው እርስ በርሳቸው በማይግባቡ የፊደል ፕሮግራሞች ነበር፤ ድረ ገጾችም ጽሑፉን እንደ ሥዕል ይለጥፉ ነበር። በሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተር ከጽሑፍ እጅግ ያነሰ ነገር ነው። ልማዱ ዛሬም በሌላ መልክ አለ። የዕቃው ስም፣ ልኩና ስልኩ ሁሉ በአንድ ባለ ቀለም ፖስተር ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ከሥሩ አንድም ፊደል የለም። ሌላው የቴክኒክ ጣጣ የሊንክ ርዝመት ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በድር አድራሻ ውስጥ ሲመሠጠርም በዘጠኝ ምልክት ይጻፋል። አራት ፊደል ያለው «መርካቶ» በዚህ ስሌት 36 ምልክት ይሆናል። በስልክ መልእክት ሲላክ የማይነበብ የመቶኛ ምልክቶች ድርድር ስለሚመስል፣ ያየው ሰው ተንኮል መስሎት ላይከፍተው ይችላል። በዚህ የተነሣ ርእሱንና ይዘቱን በአማርኛ፣ የሊንኩን አድራሻ ግን በአጭር ላቲን መጻፍ የሥራው ልማድ ሆኗል።

በስልክ የሚፈልግ ገዢ ከድረ ገጹ በፊት የሚያገኘው ካርታውን ነው። ጉግል ለአካባቢ ፍለጋ ደረጃ የሚሰጥባቸውን መመዘኛዎች ሦስት ብሎ አሳውቋል፦ ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት። በአዲስ አበባ እነዚህ ሦስቱም ከአድራሻ እጦት ጋር ይጋጫሉ። የቤት ለቤት የፖስታ አገልግሎት በሌለበት፣ ባለቤትነትን በፖስታ ካርድ ማረጋገጥ የሚለው የቀድሞ ዘዴ ለፖስታ ሣጥን ተጠቃሚ ከተማ የማይመች ነበር። ዛሬ የሱቁን ደጃፍ፣ ሰሌዳውንና ውስጡን በቪዲዮ ቀርጾ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሱቆች በተደራረቡበት ገበያ የካርታው ነጥብ ሕንፃውን እንጂ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር አይናገርም። ርቀት የሚለው መመዘኛም ግድግዳ ለሚጋሩ ሱቆች ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። የሚቀረው ታዋቂነት ነው፤ ይህም በከፊል በገዢዎች አስተያየት ይለካል። ለሃያ ዓመት ደንበኛ ያፈራ ነጋዴ አንድም የተጻፈ አስተያየት ላይኖረው ይችላል፤ ትናንት የተከፈተ ሱቅ ደግሞ በዘመድና በጓደኛ አስተያየት ከፊቱ ይሰለፋል። በሐሰት አስተያየት መወዳደር የጉግልን ደንብ ይጥሳል። ከዚህም በላይ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከሚከለክለው አሳሳች ማስታወቂያ ጋር መቀራረቡ ሊዘነጋ አይገባም።

ካርታ ደግሞ ያረጃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆችን አውድሟል። እንዲህ ያለ አደጋ ወይም መልሶ ግንባታ ነጋዴን ከቦታው ሲያነሣ፣ ገዢው በአፍ በአፍ ጠይቆ አዲሱን ሱቅ ያገኛል፤ በካርታው ላይ ያለው ነጥብ ግን አንድ ሰው ገብቶ እስኪያስተካክለው ድረስ በድሮው ቦታ ይቆያል። የማስተካከያ መብቱ በማን የኢሜይል ስም እንዳለ የሚታወሰው ያን ጊዜ ነው።

«ቴሌግራም እያለ ድረ ገጽ ለምን?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ሱቅ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቻናል ለመክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፎቶግራፍ በደቂቃ ይለጠፋል፤ ገዢም እዚያው ይጠይቃል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ኤምፔሳ ክፍያውንም ወደ ስልክ ስላመጡት፣ ንግዱ ከመልእክት ሳይወጣ ሊጠናቀቅ ይችላል። ነገር ግን ቻናሉ የሚያገለግለው ሻጩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ በጊርትዝ አነጋገር ደንበኝነትን ያጠናክራል እንጂ አዲስ ፍለጋን አይመልስም። ከሐዋሳ ወይም ከደሴ ሆኖ የሻጩን ስም ሳያውቅ የዕቃውን ስም ብቻ የሚጽፍ ገዢ በሌላ በር ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይከብዳል። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ታግደው ነበር። ለአምስት ወር ያህል ቻናሉ ላይ ብቻ የቆመ ሱቅ ገዢዎቹን በቪፒኤን ካልሆነ አያገኛቸውም ነበር፤ የራሱ ገጽ የነበረው ግን በተለመደው መንገድ ይከፈት ነበር። እርግጥ ነው፣ በሰኔና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው መላው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ።

አሁን ወደ ድርጅቱ ሒሳብ መምጣት ይገባል፤ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት በንድፍ ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና። ገቢው በብር፣ አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በሁለት ወይም በሦስት ክፍያ ይገባል። ወጪው ግን በዶላር፣ በየዓመቱ ይመለሳል፦ የዶሜይን ስም፣ ሆስቲንግ፣ የንድፍ ፕሮግራሞች ኪራይ፣ ማስታወቂያም ካለ የጠቅታ ሒሳብ። ለምሳሌ በ«ኮም» የሚያልቅ ስም የጅምላ ዋጋው ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10.26 ዶላር ነው። አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 585 ብር ገደማ ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 1,026 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንኮች ከመጀመሪያው ተመን ተነሥተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደሁለተኛው ደረሱ። «ለሦስት ዓመት ሆስቲንግ ጨምሮ» ብሎ በብር የተዋዋለ ነዳፊ፣ የቀሩትን ዓመታት ከኪሱ ከፍሏል ማለት ነው። ዶላሩ ቢኖር እንኳ የሚከፈልበት ዓለም አቀፍ ካርድ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። በውጭ የሚኖር ዘመድ ካርዱን ያውሳል፤ ሒሳቡም በእርሱ ስም ይሆናል፤ ካርዱ ሲያልቅ ወይም ዘመዳሞች ሲኳረፉ የአሥር ነጋዴዎች ገጽ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በኢትዮ ቴሌኮም የሚሰጠው በ«ኢቲ» የሚያልቅ ስም አገር ውስጥ የሚመዘገብ በመሆኑ ከዚህ አደጋ የራቀ ነው፤ ሆኖም ነጋዴው «ኮም» የሚለውን እንደ ድርጅቱ ክብር ስለሚቆጥረው ማሳመን ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግንኙነቱን የሚያበላሸው ተስፋ ነው። «በአንደኛ ገጽ፣ በአንደኛ ቦታ እናወጣዎታለን» የሚለው አባባል ሽያጭ ያፋጥናል፤ ጉግል ራሱ ግን አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በግልጽ ያስጠነቅቃል። ተስፋው በቃላት ጨዋታ የሚፈጸምበት ጊዜም አለ። ማንም የማይፈልገውን ረጅም ሐረግ መርጦ፣ በዚያ ሐረግ አንደኛ ሆኖ፣ በነጋዴው ስልክ ላይ ማሳየት ይቻላል። ነጋዴውም የራሱን ሱቅ ደጋግሞ በከፈተበት ስልክ ሲፈልግ ራሱን ከፊት ያገኛል፤ ማሽኑ ልማዱንና የቆመበትን ቦታ አውቆለታልና። ይልቅ ሊለካ የሚችለው ነገር ጥሪ ነው። ለድረ ገጹ ብቻ የተለየ ስልክ ቁጥር ማውጣት፣ የሱቁ ልጅም «ከየት አገኙን?» ብሎ በደብተር እንዲመዘግብ ማድረግ፣ ከማናቸውም ግራፍ ይልቅ በነጋዴው ዘንድ ይታመናል፤ ከደላላው ኮሚሽን ጋርም ያወዳድረዋል። በዚህ መልክ የሚሰበሰብ የገዢ ስልክና ስም፣ ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወዲህ፣ እንደፈለጉ የሚያዙበት ነገር አለመሆኑን ግን ሁለቱም ወገኖች ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ውል ሲጻፍ በአብዛኛው የሚዘረዘረው የገጹ ብዛት፣ ቀለሙና ዋጋው ነው። የዶሜይኑ ስም በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ የካርታው መዝገብ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ የሚናገር አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ለነዳፊው ቁልፉን መያዝ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ማስያዣ ነው፤ በዱቤ በሚኖር ገበያ ውስጥ ይህ ፍላጎት የሚገባ ነው። ለነጋዴው ግን የሱቁ ስም በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መኖሩ ነው። ነዳፊው ሥራ ሊቀይር፣ አገር ሊለቅ ወይም ኢሜይሉን ሊረሳ ይችላል። በ«ኮም» የሚያልቅ ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። እንደ መዝጋቢው ድርጅት ደንብ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ከዚያ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ በመጨረሻም ማንም ሊነካው የማይችልበት 5 ቀን ይከተላል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚላኩት በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀድሞ ለጠየቀው ሰው ይሰጣል።